3060 ወይስ 4060? ጠይቁኝ ብዬ የመጡልኝ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ? ስታዲየም አካባቢ ኮምፒውተር እገጣጥማለሁ፣ እጠግናለሁ። ሰሞኑን የሚመጣው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ ከኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች (ምስሉን ሠርቶ ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል፣ ጂፒዩም ይባላል) አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው ይሻላል ወይስ አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋው? ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ እነሆ መልሱ። ዋጋ ግን አትጠይቁኝ። ጠዋት የነገርኳችሁ ዋጋ ከሰዓት ላይኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ካደገ ሁሉም ነገር አድጓል ማለት አይደል?

አይደለም! ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። 3060 በፈረንጆቹ 2021 የወጣ ነው። 3584 ኩዳ ኮር (ስሌቱን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች)፣ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 192 ቢት ባስ (ሜሞሪውንና ቺፑን የሚያገናኘው መንገድ) አለው፤ ሜሞሪው በሰከንድ 360 ጊጋባይት ያመላልሳል። 4060 በ2023 ሲመጣ ኮሩ 3072፣ ሜሞሪው 8 ጊጋ፣ ባሱ 128 ቢት፣ ፍጥነቱም 272 ጊጋባይት ሆነ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው አዲሱ ታናሽ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ግን የ4060 ኮሮች ይሮጣሉ፤ እስከ 2.46 ጊጋኸርዝ ይደርሳሉ፣ የ3060ዎቹ 1.78 አካባቢ ላይ ይቆማሉ። ቺፑ ላይ ያለው ኤል2 ካሽም ከ3 ወደ 24 ሜጋባይት አድጓል። ባለሱቅ ቶሎ ቶሎ የሚጠየቀውን ዕቃ እጁ ሥር አድርጎ ወደ ጓዳ መመላለሱን እንደሚቀንሰው ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ጠባቡ ባስ ያን ያህል የማይጎዳው። በ1080ፒ (በተለመደው ፉል ኤችዲ ስክሪን) ጌም ላይ 4060 በአማካይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ እኔ ጌም ብቻ ነው የምጫወተው። ከካዛንቺስ ነኝ።

4060 ውሰድ። ፍሬም ጀነሬሽን የሚባለው፣ በምስሎች መሃል ተጨማሪ ምስል በኤአይ እየፈጠረ ጌሙን የሚያለሰልሰው የኤንቪዲያ ዲኤልኤስኤስ 3 ነገር 3060 ላይ የለም። አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች 8 ጊጋውን ይሞሉታል፤ ያኔ ቴክስቸሩን (የዕቃዎቹን ገጽ ጥራት) ከአልትራ ወደ ሃይ ዝቅ አድርገው። ልዩነቱን ካላፈጠጥክበት አታየውም።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ሶኒ ካሜራችን 4ኬ፣ 10 ቢት፣ 4:2:2 ነው የሚቀርጸው። ታይምላይኑ እየተቆራረጠ አስለቀሰኝ። 4060 ብገዛ ይፈታልኛል?

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዥ። 4:2:2 (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ አቀራረጽ) የሆነን ቪዲዮ በሃርድዌር መፍታት፣ ማለትም የታመቀውን ፋይል በቺፑ ቶሎ ከፍቶ ማጫወት፣ 3060ም 4060ም አይችሉም። ኤንቪዲያ ይህን የጨመረው ቁጥራቸው በ50 በሚጀምረው አዳዲስ ካርዶቹ (አርቲኤክስ 50) ላይ ነው። አንቺን የሚያድንሽ ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ፣ የራሱ ግራፊክስ ያለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው። ስሙ በኤፍ የሚያልቀውን እንዳትገዢ፣ ያ ግራፊክስ የለውም። ካሜራው ላይም የቀረጻውን ማመቂያ ዓይነት (ኮዴክ) ኤች.265 አድርጊው፤ በኤች.264 የተቀረጸ 4:2:2ን አብዛኛው ኢንቴልም አይፈታልሽም። ፕሮሰሰር መቀየር ካልሆነልሽ ፕሮክሲ (ለኤዲት ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) ሠርተሽ ኤዲት አድርጊ። ማታ አዘሽው ብትተኚ ጠዋት አልቆ ታገኚዋለሽ፣ መብራት ካልሄደ።

ካርድ መግዛትሽ ካልቀረ ግን ለአንቺ 3060 ይሻላል ባይ ነኝ። ዳቪንቺ (የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ) ላይ በ4ኬ ኖይዝ ሪዳክሽን (የምስል ነጠብጣብ ማጽጃ) ስትጭኚ 8 ጊጋ ቶሎ ይሞላና የጂፒዩ ሜሞሪ አልቋል ብሎ ይቆምብሻል። 4060 በኤቪ1 (አዲሱ የቪዲዮ ማመቂያ) ኤክስፖርት ያደርጋል፣ እውነት ነው። ሙሽሮቹ ግን ቪዲዮውን በፍላሽ ወስደው የቤታቸው ቲቪ ላይ ነው የሚሰኩት። አሮጌ ቲቪ ኤቪ1 አይከፍትም፤ ስልክ የሚደወለው ላንቺ ነው።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ኤአይ ሞዴል ቤቴ ማስኬድ እፈልጋለሁ።

3060፣ ባለ 12 ጊጋው። በ4 ቢት የተጨመቀ የ13 ቢሊዮን ፓራሜትር (በውስጡ ያሉት የተማራቸው ቁጥሮች) ሞዴል 12 ጊጋ ውስጥ ይገባል፤ 8 ጊጋ ላይ ሞልቶ ወደ ራም ይፈስና ይንቀራፈፋል። እዚህ ላይ ፍጥነቱን ሳይሆን ቦታውን ነው የምትገዛው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ የቢሮ ኮምፒውተር አለኝ። የትኛው ይገጥምለታል?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኬዙን ክፈተው። ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ሁለቱም አይገቡም። ትልቁም ቢሆን ብዙ ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ካርዱ የሚፈልገው ባለ 8 ፒን ገመድ የለውም። ከሳታ (የሃርድ ዲስክ የመብራት) ገመድ የሚቀይር አዳፕተር ገዝተህ ልትሰካ ታስባለህ አይደል? ተው፣ ይቀልጣል። ኤንቪዲያ ለሁለቱም ካርዶች የሚመክረው 550 ዋት ነው። ሌላው፣ 4060 ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ8 መስመር ብቻ ስለሆነ ፒሲአይኢ 3 (የካርዱ መሰኪያ የቀድሞው፣ ዘገምተኛው ትውልድ) ያለው አሮጌ ቦርድ ላይ ትንሽ ፍጥነት ይጎድልበታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ካርድ ግዛልኝ እያለ ነው። መብራት አይበላም ወይ?

ጋሼ፣ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠቀም 3060 ወደ 170 ዋት፣ 4060 ወደ 115 ዋት ይወስዳል። ልጅዎ በቀን 5 ሰዓት ቢጫወት በወር ልዩነቱ 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቆጣሪው ላይ ብዙም አይታይዎትም። ዩፒኤስ ካለዎት ግን 4060 ያለው ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይልዎታል። ይልቅ የሚያስፈራው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ የሚመታው ነው። ሲጠፋ ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ መጥቶ እስኪረጋጋም አይሰኩት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ 3060 አገኘሁ። ምን ልይ?

ካርዱን ገልብጠህ ብሎኖቹን እይ። ጥርሳቸው የተላጠ ከሆነ ተከፍቶ ነበር። ጠርዙ ላይ እንደ ዘይት የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ የሜሞሪው ፓድ (ሙቀት የሚያስተላልፈው ለስላሳ ንጣፍ) ብዙ ሙቀት ጠጥቷል፤ ክሪፕቶ ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ በካርድ ማምረት) ላይ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በፈረንጆቹ 2022 መስከረም በካርድ መመረቱ ሲቀር ብዙ ካርድ ገበያ ላይ ተራግፏል። ማይኒንግ የሠራ ሁሉ ሞቷል ማለቴ ግን አይደለም፣ ማራገቢያው ደህና ከሆነ ችግር የለውም።

ከዚያ የካርዱን ዝርዝር የሚያሳየውን፣ ጂፒዩ ዜድ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈት። 3584፣ 192 ቢት፣ 12 ጊጋ ካላየህ ተነስተህ ሂድ። 128 ቢትና 8 ጊጋ ካለ ደካማው 3060 ነው። 3840 ኮርና 6 ጊጋ ካለ ደግሞ ቦርድ ላይ የተበየደ የላፕቶፕ ቺፕ ነው። ኮሩ በዛልኝ ብለህ እንዳትደሰት።

በመጨረሻ ካርዱን በሙሉ ጉልበት የሚያሠራውን ፉርማርክ የሚባል መፈተሻ ሩብ ሰዓት አስኪደው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያ እንደ ባህር ጠረፍ ከተማ አያቀዘቅዝም። ኢንተርኔት ላይ ካነበብከው ጥቂት ዲግሪ ከፍ ቢል አትደንግጥ። 85 ዲግሪን አልፎ መጨመሩን ከቀጠለ ግን አትግዛው።

ጥያቄ፦ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ አለኝ። ምን ብዬ ልዘዘው?

“3060” ብቻ ብለህ አትላክ፣ “12 ጊጋ” የሚለውን ጨምርበት። የካርዱን ርዝመት በሚሊሜትር ጠይቅና የኬዝህን ውስጥ ለካ። ደረሰኙን አብሮ ይያዝልህ። ባለ ሦስት ማራገቢያውን ምረጥ ቢሉት እሺ እንዳይል፤ ለእነዚህ ካርዶች ሁለት ይበቃል።