ኔጌቲቭ ከማለታችሁ በፊት፦ ለጀማሪ የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪዎች

ልጆች፣ በዚህ ሙያ ለምትገቡ አስቀድሜ የምመክራችሁ ኔጌቲቭ ውጤትን መጠራጠር እንድትለምዱ ነው። ፖዚቲቭ የተባለ ስላይድ ሲኖር ሁለተኛ ሰው ያየዋል፣ ይከራከሩበታል። ኔጌቲቩን ግን የሚመለስበት የለም፤ በቀጥታ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል።

ጣና ዳር ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት በቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ፍለጋ፣ ማለትም በካቶ ካትዝ የሰገራ ምርመራ ነው። ሰገራው በወንፊት ይጠለላል፤ 41.7 ሚሊግራም የምትይዘው የመለኪያ ሰሌዳ ቀዳዳ በልኩ ትሞላለች፤ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በግሊሰሪንና ማላካይት ግሪን በሚባል ቀለም ውስጥ የተነከረ ሴሎፎን ይለብሳል፤ ከዚያ ተገልብጦ በእኩል ይጫናል። የቆጠራችሁት እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያለውን ይሰጣችኋል። ይህን ማንኛውም ማኑዋል ይነግራችኋል። ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ግሊሰሪኑ ሁክዎርም የተባለውን የአንጀት ትል እንቁላል ስለሚያጠፋው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ መነበብ አለበት፤ የቢልሃርዚያው ግን የጎን እሾሁን ይዞ በማግሥቱም ይገኛል። ጠዋት ዘጌ ላይ ስላይድ ሠርታችሁ ከሰዓት ባሕር ዳር ብታነቡ፣ በወረቀታችሁ ዘጌ ሁክዎርም የሌለባት አገር ትሆናለች። ወይ ማይክሮስኮፑን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይ ሰገራውን በበረዶ ሣጥን አምጥታችሁ ስላይዱን እዚሁ ሥሩ። ደግሞም አንዲት እንቁላል 24 ተብላ የምትቆጠር ከሆነ፣ ጥቂት ትል ያለበት ሰው በአንድ ስላይድ ማምለጡ አይቀርም። ሁለት ስላይድ አንብቡ፤ ከተቻለ በሌላ ቀን የተሰጠ ናሙናም ጨምሩ።

የቢልሃርዚያ እጭ የሚያድግበት ቀንድ አውጣም እንዲሁ ያታልላል። እጩን እንዲለቅ በብልቃጥ ከታችሁ ብርሃን ስታሳዩት ውሃው ከቧንቧ የተቀዳ ከሆነ ክሎሪኑ እጩን ይገድለዋል፤ የተጣራ የሐይቅ ውሃ ይሻላል። ጭራው ሹካ የሆነ እጭ ሁሉም የሰው አይደለም፣ የከብትና የወፍም አለ። ለለቀማ ያለ ቦቲና ያለ ረጅም ጓንት አትግቡ፤ የሰው ቢልሃርዚያ እጭ የሚበዛው እኩለ ቀን አካባቢ ነው።

ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት አውቶክሌቭ ላይ ደግሞ ከፍታውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ፕሮቶኮሉ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ማለት 121 ዲግሪ ነው ይላል፤ እዚህ ግን ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ 118 ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 18 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። መሣሪያው ያንን ያህል ግፊት የማይፈቅድ ከሆነ አታስገድዱት፣ ጊዜውን አርዝሙ።

መድኃኒት የያዘ ዲስክ ባክቴሪያ ላይ ለሚቀመጥበት የመድኃኒት መላመድ ምርመራ፣ ባክቴሪያው የሚያድግበት አጋር ውፍረት 4 ሚሊሜትር ይሁን። ከሳሳ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ ይሰፋና ባክቴሪያው በመድኃኒቱ የሚጠቃ ይመስላል፤ የባክቴሪያው ብጥብጥ ከ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ከወፈረ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። የዲስኩን ብልቃጥ ከፍሪጅ እንዳወጣችሁ አትክፈቱት፤ ጤዛው መድኃኒቱን ያበላሸዋል።

እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች የሚመስሏችሁ ከሆነ ሊቦ ከምከምን አስቡ። በ1997 ዓ.ም. እዚያ የተለየው የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ወረርሽኝ መጀመሪያ ወባ እየተባለ ይታከም ነበር። ትኩሳቱ በወባ መድኃኒት አልመለስ ሲል፣ ስላይዱም ባዶ ሲሆን፣ ስፕሊኑም (ጣፊያው) ሲያብጥ ሌላ በሽታ መፈለግ ይገባል፤ አካባቢው በዚያ በሽታ የማይታወቅ ቢሆን እንኳ።

አሁን ስለ ምርምር ጥያቄ። የማስተርስ ፕሮፖዛል ስታገላብጡ የናሙናው ብዛት ወይ 384 ነው ወይ 422፤ ስርጭቱን 50 በመቶ ገምቶ፣ 5 በመቶ የስህተት ህዳግ ይዞ የተገኘ ነው፤ 422ቱ 10 በመቶ ተጨምሮበት ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም። ግን «ስንቱ ተይዟል?» ብቻ ብሎ ማቆም ለእኔ ስንፍና ነው። ከሕክምና በኋላ ልጆች በየትኛው የሐይቅ ዳር፣ በስንት ወር ዳግም እንደሚያዙ ብትጠይቁ ለወረዳው ጤና ቢሮ የሚረባ ነገር ይወጣችኋል። ይህን የሚሞክር ግን የቢልሃርዚያው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ያልጎለመሱትን ትሎች እንደማይገድል ይወቅ፤ በሁለተኛው ወር የታየው እንቁላል ከአሮጌው መያዝ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መድኃኒት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለተኛ ስጡ፣ ከዚያ ሦስትና አራት ሳምንት ቆይታችሁ በተለያየ ቀን ናሙና መርምሩ፤ የዳግም መያዙን ቆጠራ የምትጀምሩት በዚያ ጊዜ ነጻ ከሆኑት ልጆች ነው።