አዲስ አበባ ላይ ሥጋም ቅቤም ያልነካው ምግብ ፍለጋ፦ ጥያቄና መልስ

ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ከውጭ የሚመጡ እንግዶችን ይዤ ምሳ ቤት ለምሳ ቤት መዞር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከእንግዶቼ ብዙዎቹ ሥጋ አይበሉም፤ አንዳንዶቹ (ቪጋን የሚባሉት) ወተትና እንቁላልም አይነኩም። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጣውን እነሆ።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው፤ ቪጋን ሆናለች። አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ በሐምሌ ለሦስት ሳምንት እንመጣለን። ስልኬ ላይ «ቪጋን ምግብ ቤት» ብዬ ስፈልግ ጥቂት ቤቶች ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ምን ልትበላ ነው የማመጣት?

እህቴ፣ ካርታውን ተይውና የግድግዳ ካላንደር ግዢ። አዲስ አበባ ላይ የሚፈለገው ቪጋን ቤት ሳይሆን የጾም ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ማንኛውም ጠባብ ምሳ ቤት ገብተሽ «በያይነቱ» ብትይ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሽሮ፣ ቀይ ሥር ተደርድሮ ይመጣል። ሥጋ የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ ወተትና እንቁላል የለውም። ቤቱ ግን በር ላይ «ቪጋን» ብሎ አይለጥፍም፤ ስልክሽም አያውቀውም።

አሁን ዋናው ነገር። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ያበቃል። ከዚያ እስከ ነሐሴ 1 የጾም ቀን የሚባለው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ትኬቱ ካልተቆረጠ ጉዞውን ወደ ነሐሴ ግፊው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ የከተማው ኦርቶዶክስ በሙሉ ማለት ይቻላል ይጾማል፣ ሕፃናትም ጭምር። ልጅሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳትጠይቅ ትበላለች። ዝናቡ ግን አይቀርላችሁም።

ማክሰኞና ሐሙስ ታዲያ ምን ይበላል? የጾም ምግብ ይጠፋል?

አይጠፋም፤ ግን ማጣራት ይጠይቃል። ብዙ ቤት በፍስክም ቀን የጾም በያይነቱ ይሠራል፣ በተለይ ለምሳ። ችግሩ ቅቤ ነው። በፍስክ ቀን ሽሮ ላይ ቅቤ ጣል ይደረጋል፤ ተጋቢኖውም እንደዚያው። ጎመኑ ከሥጋ ጋር የተቀቀለ ሊሆን ይችላል። «ሽሮው በዘይት ነው በቅቤ?» ብለህ ጠይቅ። አስተናጋጁ ቀና ሳይል «በዘይት ነው» ካለህ አትመነው፤ «እስኪ ወጥ ቤት ጠይቅልኝ» በለው። ሄዶ ተመልሶ «ለካ በቅቤ ነው» ያለኝ ስንት ጊዜ ነው።

ቅቤውን በመዓዛው እለያለሁ አትበል። ሴቶቻችን ዘይቱንም በኮረሪማና በኮሰረት ያነጥሩታል፤ እኔ ራሴ ተሸውጄበታለሁ።

ከስሙ ተጠንቀቅ፦ «ቦዘና ሽሮ» ሥጋ አለበት። «ማኅበራዊ» የሚባለው ደግሞ በያይነቱ ይመስላል እንጂ ሥጋና አትክልት የተቀላቀለበት ነው። ፓስታ ስታዝ «በአትክልት» ወይም «በቲማቲም ስጎ» በል፤ ዝም ካልክ የሥጋ ስጎ ይመጣልሃል።

«ቪጋን ነኝ» ብል ይገባቸዋል? ሙስሊም ነኝ፤ «እየጾምኩ ነው» ማለት ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል።

ውሸት ውስጥ አትግቢ። «የጾም ምግብ ነው የምፈልገው» በቂ ነው፤ ስለ ምግቡ እንጂ ስለ አንቺ ሃይማኖት አልተናገርሽም። ቦሌ አካባቢ ያሉ ካፌዎች ላይ «ቪጋን» ይገባቸዋል። ሌላ ቦታ «ሥጋ አልበላም» ካልሽ «ዶሮ ላምጣ?» ትባያለሽ። አንድ ማክሰኞ «የጾም ስጠኝ» ስለው አንዱ አስተናጋጅ «ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» ብሎ አስቆኛል። ቀን የተሳሳትኩ መስሎት ሊያስታውሰኝ ነው! ፈገግ ብለሽ «አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ ነው የምጾመው» በይና እለፊው። አሃ፣ ይህም ውሸት ይሆንብሻል ለካ። «ሁልጊዜ የጾም ነው የምበላው» በይ።

ዓሣስ?

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ነው፤ እኔ አልገባበትም። ለእናንተ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፦ ብዙ ምግብ ቤት ዓሣን ከጾም ምግብ ጋር ያቀርበዋል። «የጾም» ብላችሁ ስታዙ «ዓሣም አይሁን» ጨምሩበት።

ቁርስ ላይ ተቸግሬያለሁ። ሆቴሉ እንቁላልና ዳቦ ብቻ ነው። ማኪያቶም ናፈቀኝ።

ከሆቴሉ ውጣ። ፉል ቤት ፈልግ፤ ፉሉ ራሱ ባቄላ ነው፣ ላዩ ላይ የሚጨመረው ነው ጣጣው። «ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እርጎ» በል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ በዘይት ይበቃዋል። የጾም ፍርፍርም አለ። ጨጨብሳና ቂንጬ በፍስክ ቀን በቅቤ ነው የሚሠሩት፤ በዘይት ይሠራልህ እንደሆነ ጠይቅ፣ እምቢ የሚል ጥቂት ነው። የምስር ሳምቡሳም ይያዛል።

ማኪያቶ በጾም ወቅት «የጾም ማኪያቶ» ተብሎ በሶያ ወተት ይሠራል። ከጾም ውጭ ሶያ የሚይዙት ትልልቆቹ ካፌዎች ናቸው። የኦቾሎኒ ሻይ ቀምሰህ ካላወቅህ እሱን ሞክር። ኦቾሎኒ የማይስማማህ ከሆነ ግን ራቅ። የጾም ኬክና አይብ የሌለው የጾም ፒዛም በዐቢይ ጾም የትም ታገኛለህ።

ከሕንድ የሚመጣ የሥራ እንግዳ አለን። ጄይን ነው፤ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይበላም። የት እንውሰደው?

ይህ ከባድ ነው። የእኛ ወጥ የሚጀምረው ከሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ሳይቁላላ ወጥ የለም። ሽሮ ዱቄቱ ራሱ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተፈጭቶ ሊሆን ይችላል። ድንችና ካሮትም እንደማይበላ አስቡ፤ ብዙ ጄይኖች ከመሬት ሥር የሚወጣ አትክልት አይነኩም። ከተማው ውስጥ የሕንድ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ «ጄይን» ብትሉ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል። በያይነቱ ላሳየው ብላችሁ ካሰባችሁ ይቅርባችሁ፤ ቡናውን አፍሉለት፣ ፈንዲሻውን አቅርቡለት፣ ይበቃል።

እኔ ሥጋም አልበላም፣ ስንዴም አይስማማኝም። እንጀራ ጤፍ ስለሆነ ነፃ ነኝ አይደል?

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይህ እውነት ነው። ምግብ ቤት የሚቀርብ እንጀራ ሁሉ ጤፍ ብቻ አይደለም፤ ይሄም እውነት ነው። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣ ስንዴም ይቀላቀልበታል። ሩዙና ማሽላው አይጎዳሽም፣ ገብሱና ስንዴው ግን ይጎዳሻል። ሕመምሽ ጠንካራ ከሆነ ምግብ ቤት እንጀራ አትብይ። የምታምኚው ቤት ንጹሕ ጤፍ አስጋግረሽ ይዘሽ ሂጂ። ምግብ ቤት እንጀራ ይዞ መግባት ያሳፍራል ብለሽ አትስጊ፤ ምክንያቱን ስትነግሪያቸው ያዝኑልሻል እንጂ አይቆጡሽም።

በግንቦት እመጣለሁ። ያው ረቡዕና ዓርብ አለልኝ።

የለልህም ወንድሜ! ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳው ቀን በሙሉ ጾም የለም፤ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። 55 ቀን ሥጋ የናፈቀው ከተማ ክትፎና ጥብስ ላይ ይወርዳል። አንዳንድ ቤት በያይነቱን ጨርሶ ያቆማል። በዚህ ጊዜ ነው የማልቀይራቸው ቤቶች የሚያስፈልጉት።

እነማን ናቸው ታዲያ? ስም ጥራልን።

ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል በምሳ የጾም ቡፌው ለዓመታት የታወቀ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ ቀኑና ሰዓቱ ይቀያየራል። ማታ ዘፈንና ጭፈራ ከፈለጋችሁ ዮድ አቢሲኒያ አለ፤ የጾም ትሪ ያቀርባሉ፣ ጭፈራው ለወሬ ባይመችም። ካተኛ ምግብ ቤትም በያይነቱው ጥሩ ነው። ስሙን ያወጣለት ካተኛ ግን በርበሬና ቅቤ የተቀባ ደረቅ እንጀራ ነው፤ «በዘይት» ማለት እዚያም አትርሱ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ከሁሉም የምወደው መሥሪያ ቤት አካባቢ ያሉትን ስም የለሽ ምሳ ቤቶች ነው። ከ6 ሰዓት በፊት ድረሱ። 8 ሰዓት ላይ ሱፉም ስልጆውም አልቆ ምስርና ጎመን ብቻ ይቀራል።

ምግብ ቤቱስ ይቅር፤ አክስቴን ምን ልበላት? በየሄድኩበት ዘመድ ቤት ዶሮ ወጥ ይጠብቀኛል።

በሩ ላይ ቆመሽ አትንገሪያት። ዶሮው ከታረደ በኋላ «አልበላም» ማለት ስድብ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ደውለሽ «እትዬ፣ ሽሮሽ ነው የናፈቀኝ» በያት። ቪጋን የሚለውን ቃል አታንሺው፤ «ታመሽ ነው?» ይመጣል። ቅቤውን ግን በግልጽ ተናገሪ፣ አለዚያ «ትንሽ ነው ያስነካሁት» ትልሻለች፣ ትንሹም ሁለት ማንኪያ ነው። እኔ ጉርሻ እንቢ ማለት አልቻልኩበትም፤ የቻለ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ማታ 4 ሰዓት ላይ ቢርበኝስ?

የጾም በርገር ወይም ጥብስ ድንች። ቦሌ አካባቢ ይገኛል። ማዮኔዙን አስቀሪው፣ እንቁላል ነው።