«አንቺ ይቅርብሽ» የምትባል ባልደረባ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ አገልግሎት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ በውድድር አልፋ ወደ ክፍላችን ተመደበች። የተቀበልናት በደስታ ነው፤ ከሰርቪስ ስትወርድ እጇን የሚይዝ አይታጣም፣ ምሳ ለመጋበዝ ሁሉም ይሽቀዳደማል፣ ሥራ እንዳይበዛባትም ከበድ ከበድ ያለውን መዝገብ እኛው እንከፋፈለዋለን። የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘናዋንም ከማንም ባላነሰ ውጤት ሞልቼላታለሁ። ይሁን እንጂ ሰሞኑን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ለመዛወር ማመልከቻ አስገባች። ምክንያቷን ብጠይቃት «እዚህ ሥራ የለኝም» ከማለት በቀር የጨመረችው ነገር የለም። ባልደረቦቿ ቅር ብሏቸዋል። ምን አጎደልንባት?
የክፍል ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ባልደረባዎ የነገረችዎ አጭር ቢሆንም የተሟላ መልስ ነው፤ ያጎደላችሁባት ሥራዋን ነው። አንድ የሕግ ባለሙያ በሙያው የሚያድገው መዝገብ ይዞ፣ ተከራክሮ፣ ሲሳሳትም በአለቃው ታርሞ ነው። ከባዱን መዝገብ ስትከፋፈሉላት ልምዷንም አብራችሁ ተከፋፍላችሁታል። የምዘናውም ነገር እንደዚያው ነው። ባልሠራችው ሥራ የተሞላ ከፍተኛ ውጤት ለጊዜው ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ወጥቶ «የትኞቹን ጉዳዮች ይዘሽ ተከራክረሻል?» ተብላ ስትጠየቅ የምታቀርበው ነገር አይኖራትም። ውጤቱ በሐቅ ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ለምን ዝቅ እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ይገኝ ነበር።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከብዙዎቻችን ግምት በላይ ርቆ ሄዷል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች፣ ሥራውን ለማከናወን የሚያግዘው ረዳትም እንዲመድብለት ያስገድዳል። አካል ጉዳተኛ በመሆኑ አድልዎ ደርሶብኛል የሚል ሰው ክስ ሲያቀርብ የማስረዳት ሸክም እንዳይወድቅበትም ደንግጓል። ይህን የማነሣው ላስፈራራዎ አይደለም፤ የሕግ ክፍል ኃላፊ እንደ መሆንዎ አዋጁን ሳያውቁት አይቀሩም። ነገር ግን አዋጁ የሚናገረው ሥራውን ለመሥራት ስለሚያስፈልጉ ነገሮች እንጂ ሠራተኛውን ከሥራው ስለ ማሳረፍ እንዳልሆነ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ አንድ መዝገብ በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ አብረን እንከተለው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፤ ዳይሬክተሩ ጫፉ ላይ በእጁ «ታይቶ አስተያየት ይቅረብበት» ብሎ ይመራዋል፤ ከዚያ ማኅተሙና ፊርማው እንዳለ ስካን ተደርጎ ወይም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቃል። ለእርስዎ ይህ ደብዳቤ ነው፤ ለባልደረባዎ ኮምፒውተር ግን ሥዕል ነው። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይረው የስክሪን ማንበቢያ ፕሮግራም ምስል ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። በኢንተርኔት የምናገኛቸው የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂዎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ስካን የተደረጉ በመሆናቸው፣ የሕግ ባለሙያዋ ሕጉን ራሱን ለማንበብ የሰው ዓይን ለመለመን ትገደዳለች። ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ለአማርኛም አሉ፤ ነገር ግን ማኅተም ያረፈበት መስመር ላይ ሲደርሱ ይደነባበራሉ፣ አንድ ቁጥር ቢያሳስቱ ደግሞ በሕግ ሥራ ላይ የሚያስከትለውን እርስዎ ያውቁታል።

መፍትሔው በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ደብዳቤውን የጻፈችው ጸሐፊ ዋናውን የዎርድ ፋይል ከስካኑ ጋር አያይዛ ትላክላት፤ የዳይሬክተሩ ምሪትም በአንድ መስመር ይተየብ። እዚህ ላይ ጥቂቶች ብቻ የሚያስተውሉት አንድ እንቅፋት አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ የተከማቹት የቆዩ ሰነዶች፣ የውል ናሙናዎቹና የቀድሞ የሕግ አስተያየቶቹ ሁሉ፣ ብዙውን ጊዜ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ዓይነት ኮድ የሚለዩበት ሥርዓት) ከመለመዱ በፊት በነበሩት በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ ናቸው። እነዚህ ለዓይን አማርኛ ቢመስሉም ከሥር ያሉት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ስለሆኑ፣ የስክሪን ማንበቢያው ትርጉም የሌለው የፊደል ኳኳታ ያሰማታል። ኒያላን በመሳሰሉ የዩኒኮድ ፎንቶች የተጻፈውን ግን በትክክል ያነብላታል። አዲሱን ጽሑፍ ሁሉ በዩኒኮድ መጻፍ፣ የቆየውንም እያስፈለገ ሲሄድ መለወጥ ለክፍሉ በሙሉ ይጠቅማል፤ ሰነድ በቃል ፈልጎ ማግኘት የሚቻለውም ያኔ ነው። ፕሮግራሙን መግዛት አለብን ብለው አይስጉ። ኤንቪዲኤ የሚባለውና በ2006 እ.ኤ.አ. ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን መሥራት የጀመሩት የስክሪን ማንበቢያ በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ አማርኛም ያነባል። ድምፁ ጆሮ እስኪለምደው ድረስ ደረቅ ነው፤ ለምደውት በሚያስደንቅ ፍጥነት የሚያዳምጡ ግን ብዙዎች ናቸው።

ረዳት ሲመደብላት ደግሞ ረዳቱ በእሷ ቦታ የሚመልስ ሰው እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ባለጉዳይ ቢሮዋ ገብቶ፣ እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሳለ፣ ወደ ረዳቱ ዞሮ «ጉዳዬን አይታልኛለች?» ብሎ ሲጠይቅ መስማት በየቢሮው የተለመደ ነው። ረዳቱ ሊሰጥ የሚገባው መልስ «እሷን ይጠይቋት» የሚል ብቻ ነው። የሚያነብላት ሰነድ የደንበኛ ምስጢር ስለሆነም በምስጢር አያያዝ ረገድ እንደ ማንኛውም የክፍሉ ሠራተኛ ይጠየቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የከበደኝ ግን በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ሐረግ ብቻ ያለፉት የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ ነው። ምሳ ለመጋበዝ እንደምትሽቀዳደሙ ነግረውኛል። እሷስ ጋብዛ ታውቃለች? በክፍላችሁ ዕቁብ አለች? የባልደረባ ዘመድ ሲያርፍ ለቅሶ የሚሄደው መኪና ሲሞላ «አንቺ አትድከሚ፣ መንገዱ አይመችም» ትባላለች ወይስ ወንበር ይያዝላታል? መዋጮ ሲሰበሰብ ዝርዝሩ ጠረጴዛዋ ጋ ሲደርስ ይዘለላል? በእኛ አገር ሰው ከሰው ጋር የሚተሳሰረው ብድር በመመላለስ ነው። ለቅሶ የደረሰ ይደረስለታል፣ ያዋጣ ይዋጣለታል። ከመዋጮና ከድካም ነፃ የወጣ ሰው ከዚያ መዝገብ ስሙ የተፋቀ ሰው ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ቢወደድ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ይህን የሚያስተካክል አዋጅ የለም፤ የሚያስተካክለው ዕቁቡን የሚሰበስበው ሰው ነው።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችንም አልተውም። ወደ ቢሮዋ ሲገቡ ስምዎን ይናገሩ፤ «ድምፄን ለየሽው?» እያሉ ማስገመት ለጠያቂው ጨዋታ ቢሆንም በቀን ውስጥ በተደጋጋሚ ለሚደርስባት ሰው ፈተና ነው። ስትራመድ እጇን ጎትተው ከመምራት ይልቅ ክንድዎን ይስጧትና እሷ ትያዝዎት። ከክፍሉ ሲወጡም ነግረዋት ይውጡ፤ ለባዶ ወንበር ማውራትን የመሰለ የሚያሳፍር ነገር የለም።

ስለ ዝውውሩ፣ ማመልከቻዋን አያግዱባት፤ ይዛችሁ ብትቆዩም መልካም ስም አታተርፉበትም። ይልቁንስ ቁጭ ብላችሁ «ነገ ጠዋት የትኛውን መዝገብ ልስጥሽ? ለመሥራትስ ምን ያስፈልግሻል?» ብለው ይጠይቋት፤ ቀጠሮ ያለው፣ ተቃራኒ ወገን ያለው እውነተኛ መዝገብ ይሁን። ከዚያ በኋላ ልሂድ ካለችም የራሷ ውሳኔ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። መስማት የተሳናቸው ሁለት ሠራተኞች አሉኝ። ትእዛዙን በወረቀት እየጻፍኩ እሰጣቸዋለሁ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ሠርተው ይገኛሉ። ቸልተኝነት ነው ብዬ ልቅጣቸው?
ተቆጣጣሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አይቅጧቸው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ እንጂ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም። ብዙ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡት ዘግይተው በመሆኑ፣ የተጻፈ አማርኛ ለእነርሱ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ያደናግራቸዋል። ከወረቀቱ ይልቅ የተሰፋ ናሙና ያሳዩዋቸው፤ የሚለወጠውን ስፌት በጣት እያመለከቱ፣ የተሳሳተውንና ትክክለኛውን ጎን ለጎን አድርገው። ከዚያም የመስመሩ ሠራተኞች የሥራውን ምልክቶች ከሁለቱ ሠራተኞች እንዲማሩ ሰዓት ይመድቡ፤ ሰዓቱም ከምሳ ዕረፍት ላይ የሚቀነስ ሳይሆን የሚከፈልበት ይሁን።

ከዚህ የሚቀድም አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። የእሳት አደጋ ደወላችሁ የሚጮህ ብቻ ነው? ከሆነ ሁለቱ ሠራተኞች አይሰሙትም። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እስኪገጠም ድረስ፣ በየፈረቃው ትከሻቸውን ነክቶ የሚያስወጣቸው ሰው በስም ይመደብ፤ ያ ሰው በቀረበት ቀንም ተተኪ ይኑረው። የሥራ ውል ለማስፈረም ወይም የዲሲፕሊን ጉዳይ ለማየት በሚቀርቡበት ጊዜ ደግሞ የባልደረባ ግምታዊ ምልክት አይበቃም፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሳይገኝ ፊርማቸውን አይቀበሉ።