መልስ፦ ለትንቢተ ኢሳይያስ ጥናት የሚሆን ነጻ ምንጭ

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ሆነህ በስልክ ዳታ ብቻ የኢሳይያስን የጥናት ጽሑፍ ለማዘጋጀት ከየት ልጀምር ላልከው፣ ከስቴፕ ባይብል (STEP Bible) ጀምር፤ ነጻ የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ድረ ገጽና ፕሮግራም ነው። በካምብሪጅ ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ ምርምር ማእከል ቲንዴል ሀውስ ያዘጋጀው ነው። ዕብራይስጡን ከትርጉም ጋር ያሳያል፤ ቃሉን ስትነካው ፍቺውንና ሌላ የት የት እንደገባ ያወጣልሃል። ላፕቶፕ ካለህ ዋይፋይ ባገኘህበት አውርደህ ጫነው፣ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ መዝገበ ቃላቱ የዘረዘረውን ፍቺ ሁሉ በአንድ ጥቅስ ላይ አትከምር። ቃሉ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ነው፤ የትኛውን እንደሆነ የሚወስነው ዐውዱ ነው። ብዙ ጥሩ ጽሑፍ የሚበላሸው በዚህ ነው።

የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ ስትመርጥ የታተመበትን ዓመት እይ። በነጻ የሚገኙት አብዛኞቹ የቅጂ መብታቸው ያለፈ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ለስብከት ይጠቅሙ ይሆናል፤ የኩምራንን ጥቅልሎች (በሙት ባሕር አጠገብ የተገኙትን ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች) ግን አያውቁም፣ ጥቅልሎቹ መገኘት የጀመሩት በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነውና። ከጥቅልሎቹ መካከል ጥንታዊ የኢሳይያስ ቅጂ ስላለ፣ ለኢሳይያስ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ይህን ቅጂ፣ ትልቁ የኢሳይያስ ጥቅልል የሚባለውን ራሱን፣ የእስራኤል ሙዚየም በዲጂታል አስቀምጦታል፣ ዓምድ በዓምድ ማየት ትችላለህ።

ለአዳዲስ ጥናቶች ጄስቶር (JSTOR) በተባለው የምሁራን ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ በኢሜይልህ ነጻ አካውንት ክፈት፤ ብዙ ጽሑፎችን እዚያው ስክሪን ላይ ታነባለህ፣ ማውረድ ግን ለአብዛኞቹ አይፈቀድም። የዬል ዩኒቨርሲቲ የብሉይ ኪዳን መግቢያ ኮርስም 24 ትምህርት አለው። ቪዲዮው ዳታ ይበላል፤ በጽሑፍ የተቀመጠውን አንብብ።