ከተማ ትምህርት ቤት ለምትመደቡ ወጣት መምህራን

ልጆቼ፣ ቤታቸው አምስት ስድስት ቋንቋ የሚነገርባቸው ተማሪዎች የተቀላቀሉበት ክፍል ሲደርሳችሁ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው የባህል ቀን ማዘጋጀትና ግድግዳው ላይ የባህል ልብስ ፎቶ መለጠፍ ነው። ክፋት የለውም፤ ክፍልፋይ ያልገባውን ልጅ ግን አይረዳውም። ልጁን የሚደግፈውም የሚያሰናክለውም አጠያየቃችሁ ነው፤ ዝም ሲል የምትሰጡት ትርጉምም እንደዚያው።

መምህር የሚያውቀውን ነገር መልሶ ይጠይቃል። ተመራማሪዋ ሸርሊ ብራይስ ሂዝ በአሜሪካ ካሮላይና ባጠናችው አንድ ማኅበረሰብ ግን አዋቂዎች መልሱን የሚያውቁትን ጥያቄ ለልጅ ማቅረብ አልለመዱም። «ይህ ምን ቀለም ነው?» ሲባል ልጁ ዝም ያለው ቀለሙ ጠፍቶት ላይሆን ይችላል፤ እያየኸው ለምን ትጠይቀኛለህ ማለቱ ይሆናል። «ይህ ምን ይመስላል? የት አይተኸዋል?» ብላችሁ ሞክሩ።

ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ታገሡ። ሌላዋ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው መምህራን ለመልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይታለች። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም መልሱም ይረዝማል፣ አፋቸውን የማይከፍቱትም መናገር ይጀምራሉ። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያስብ ልጅ 3 ሰከንድም ያንሳል። በሆዳችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው በፈለጉት ቋንቋ 2 ደቂቃ ይመካከሩ፤ የተስማሙበትን ግን በትምህርቱ ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርገው ይጻፉት። ይህ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ መምህሩ ጫጫታ መስሎት ያቋርጠዋል፣ ወይም መጻፉን ይተወውና ምክክሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ሲቆጡት አንገቱን የሚደፋን ልጅ «ዓይኔን እየኝ» ብላችሁ አታስጨንቁት፤ ቤቱ ያስተማረው አክብሮት ይሆናል። «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» ብላችሁም በክፍል ፊት የወገኑ ቃል አቀባይ አታድርጉት። እዚያው ከተማ ተወልዶ የአያቶቹን በዓል እንኳ የማያውቅ ሞልቷል።

ወላጅ ጋ የመጀመሪያው ስልካችሁ የስሞታ አይሁን። ልጁ ቤት ውስጥ ምን ኃላፊነት እንዳለው ጠይቁ። ለእናቱ የክሊኒክ ደብዳቤ የሚተረጉም ልጅ አንብቦ ማሳጠርን ተለማምዷል፤ እናንተ «ማጠቃለል» እያላችሁ የምታስተምሩት ያንኑ ነው። ሱቅ ውስጥ መልስ የሚሰጥ ልጅም መቀነስን የሚያውቀው ከደብተሩ አይደለም።

አዝናችሁለት ቀላል ሥራ ብቻ አትስጡት። ይህን ከሁሉ አብዝቼ አደራ እላለሁ። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ግሎሪያ ላድሰን-ቢሊንግስ እ.ኤ.አ. በ1995 ከተማሪው ባህል ጋር የተዛመደ ማስተማር የሚባለውን አስተሳሰብ ስታብራራ ከሦስቱ መመዘኛዎቿ አንዱ የትምህርት ውጤት ነበር፤ ለይስሙላ የሚሠሩት ቶሎ የሚረሱት እሱን ነው።

በየወሩ አንድ ሳምንት የስም ዝርዝሩን ይዛችሁ ማንን እንደጠየቃችሁ፣ ማንን እንደቀጣችሁ በጭረት መዝግቡ። ጭረቱ አንድ ወገን ላይ ከተከመረ በሚቀጥለው ሰኞ መቀመጫቸውንና የምትጠሩበትን ቅደም ተከተል ለውጡ፤ ከወር በኋላ እንደገና ቁጠሩ።