የጦስኝ ገመድ ፓተንት ያገኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ያረጀ ማዳበሪያ ከነጋዴ እየገዛን፣ አጥበንና ፈጭተን፣ አቅልጠን የፕላስቲክ ገመድ እንሠራለን። ችግሩ ገመዱ ፀሐይ ላይ ሲከርም ይሰባበራል፤ ደንበኛም ይመልስብናል። አንድ ቀን ከደባርቅ ከመጣልኝ ጦስኝ ዘይቱን አውጥቼ ከቅልጡ ጋር ቀላቀልሁት። ቤቱ በጦስኙ ሽታ ታወደ። በኋላ ሽታውን የምይዝበት ዘዴ አገኘሁ፦ (እዚህ ላይ የነበሩትን ሁለት መስመሮች አውጥቻቸዋለሁ።) ገመዱም ከበፊቱ የሚቆይ መሰለኝ። ጥር ላይ ለጥምቀት እንግዶች በተዘጋጀ ባዛር “ጦስኝ አለበት” እያልሁ አሳየሁት፤ ሰው ጉድ አለ። አሁን አጎቴ “ፓተንት ካላወጣህ ይወስዱብሃል” እያለ ያስጨንቀኛል። ጦስኝን የፕላስቲክ ማቆያ ብዬ በስሜ ማስመዝገብ እችላለሁ?

ገመድ ሠሪው፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለተቆረጠው ደብዳቤህ መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሃለሁ።

የገመዱን ነገር እንኳ በደንብ አውቀዋለሁ። ባለፈው በጋ የልብስ ማስጫዬ መሐል ለመሐል ተበጥሶ አዲስ የታጠበ ነጠላዬ አፈር ላይ ተዘረጋ። ገመዱን ሳነሳው እንደ ደረቅ ሣር እጄ ላይ ተፈረፈረ፤ ስንጥሩም ጣቴ ውስጥ ገባ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፕላስቲክ ፋብሪካ ጥራት ክፍል የሠራሁ ሴት የገዛ ገመዴን አልመረመርሁም።

የማዳበሪያው ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ረጅም ሰንሰለት ነው በለው። ሙቀት ወይም ፀሐይ ከሰንሰለቱ ላይ አንዲት ሃይድሮጅን ያስለቅቃል። ባዶ የቀረው ቦታ ኦክስጅን ይይዝና ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። ጎረቤቱ በተራው ሌላውን ይነጥቃል። እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል። ፊኖል የሚባሉ ውህዶች “እኔን ውሰዱ” ብለው የራሳቸውን ሃይድሮጅን ይሰጡና ነጠቃውን ያቆሙታል። አንቲኦክሲዳንት ማለት ይኸው ነው። ጦስኝ ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮልም ፊኖሎች ናቸው። ስለዚህ መላህ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

እናቴ ቅቤ ስታነጥር ኮሰረት የምትጨምረው ለሽታው ብቻ አልነበረም። “እንዲሰነብት ነው” ትል ነበር። ቅቤም የሚበላሽበት አንዱ መንገድ ይኸው የኦክስጅን ነጠቃ ነው።

አሁን ወደ ፓተንቱ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት አንድ ፈጠራ ፓተንት የሚያገኘው አዲስ ሲሆን፣ ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታሰብ ሲሆን፣ በኢንዱስትሪም ሊሠራበት ሲችል ነው። የተፈጥሮ ግኝት ብቻውን ፓተንት አያገኝም። ጦስኝ የተፈጥሮ ነው፤ ቲሞልም ከጥንት የታወቀ ውህድ ነው። ሁለቱንም በስምህ አታስመዘግብም።

“እሺ፣ ፕላስቲክ ውስጥ መጨመሩስ?” ትለኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የሚያሳዝንህ። ቲሞልና ካርቫክሮልን ፖሊፕሮፒሊን ውስጥ የጨመሩ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን በመጽሔት አሳትመዋል፤ ለምግብ ማሸጊያ ነበር ያሰቡት። አዲስነት የሚለካው ደግሞ በጎንደር ወይም በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የትም አገር ታትሞ ወይም ተነግሮ ከሆነ አዲስ አይባልም። “ለማሸጊያ የሠራ ለገመድም ይሠራል” ማለት ደግሞ ለሙያው ሰው ከባድ ሐሳብ አይደለም። የጤፍን ታሪክ ታስታውሳለህ። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ያወጣውን፣ ከጤፍ ዱቄት ጋር የተያያዘውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ኔዘርላንድስ ውስጥ እንዳይሠራ ሲሰርዘው ምክንያቱ ይኸው ነበር፦ ፈጠራ የሚያሰኝ እርምጃ የለውም። ያን ጊዜ ደስ ብሎን ነበር። ሚዛኑ ግን ላንተም ያው ነው።

ታዲያ ምን ቀረህ? ሽታው! ፋብሪካ ውስጥ እንጨምረው የነበረው ሰው ሠራሽ ፊኖል ሞለኪውሉ ግዙፍ ነው፤ በቀላሉ አይተንም። በኪሎ ፕላስቲክ ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ይበቃው ነበር። ቲሞል ግን ትንሽ ነው፤ በ230 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በታችም ይተናል። ፖሊፕሮፒሊን የሚሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዲግሪ በላይ ነው። ቤትህን ያወደው እንግዲህ ገመዱ ውስጥ መቅረት የነበረበት መድኃኒት ነው፤ በመስኮት ወጥቶ ሄደ። አንተ ይህን የምትይዝበት ዘዴ አግኝተህ ከሆነ፣ ፈጠራ ካለህ እዚያ ነው ያለው። ማመልከቻህም “ጦስኝ ለፕላስቲክ” አይበል። ምን ውስጥ እንደገባ፣ በምን ያህል መጠን፣ በስንት ዲግሪ፣ ምን ውጤት እንዳመጣ ይናገር።

ሁለቱን መስመሮች ያወጣኋቸው ለዚህ ነው። እዚህ ብናትማቸው ዘዴህን አደባባይ ያወጣነው እኛው እንሆን ነበር። ባዛሩ ላይ “ጦስኝ አለበት” ማለትህም ይፋ ማድረግ ነው፤ ደግነቱ ዘዴውን አልተናገርህም። ሕጉ አመልካቹ ራሱ ይፋ ካደረገው ቀን ጀምሮ 12 ወር ይታገሣል። ከጥር ቁጠር። አሁን ሰኔ ነው፤ የቀረህ ሰባት ወር ገደማ ነው። ሌሎች አገሮች ሁሉ እንዲህ አይታገሡም፤ የኢትዮጵያ ፓተንት ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው።

“የሚቆይ መሰለኝ” ያልኸው ግን አላስደሰተኝም። መሰለኝ ማስረጃ አይሆንም። ከአንድ ቅልጥ ሁለት ገመድ ሥራ፤ አንዱ ጦስኝ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት። ያረጀው ማዳበሪያ ከፋብሪካው የተረፈ አንቲኦክሲዳንት ሊኖረው ስለሚችል ያለዚህ ንጽጽር የማን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም። ሁለቱንም ጣሪያ ላይ አስጣ። በየወሩ እየቆረጥህ ስንት ኪሎ እንደሚሸከሙ አንጠልጥለህ መዝግብ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐዩ አይምርም። እንዲያውም ፊኖል በዋናነት የሚጠብቀው ከሙቀት ነው፤ ለፀሐይ ብቻውን አይበቃም። ለፀሐይ ጥቁር ካርቦን ይጨመራል፤ ጥቁር የውሃ ቱቦ ጥቁር የሆነው ለቁንጅና አይምሰልህ።

ፓተንት መጀመሪያ ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ አገር ውስጥ እየተሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ይጨመርለታል። መስፈርቱ ቀለል ያለ የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፍኬትም አለ፤ 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። ያንተ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ መዝገብህን ይዘህ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ጠይቅ። ጦስኙም ባለቤት አለው፦ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሩን ዕፅዋትና የማኅበረሰቡን ዕውቀት ይጠብቃል። ስለዚህ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ሳታነጋግር አትጀምር።

እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ለሦስት ሰው ሥራ ዘዴውን በምስጢር መያዝም አንድ መንገድ ነው። ፓተንት ያወጣ ሰው አሠራሩን ጽፎ ለሁሉ ያሳያል። ላቦራቶሪ ገመድህ ውስጥ ቲሞል መኖሩን ሊያገኝ ይችላል፤ እንዴት እንዳቆየኸው ግን ገመዱን አይቶ መናገር ይከብደዋል። አጎትህ በዚህ አይስማሙ ይሆናል።

ዋናው ደብዳቤህ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበታል። ፒያሳ ስትወጣ እለፍና ውሰደው፤ አንድ ክንድ ገመድም ይዘህልኝ ና፣ ማስጫዬ እስካሁን በሽቦ እንደታሰረ ነው።