ዝም ብላችሁ አትውጡ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ቤታችን ቡና ተፈልቶ ቶናው እየተቀዳ ሳለ የጎረቤታችን ልጅ ገባች። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ተምራ የተመረቀች፣ ዘንድሮ ማስተማር የጀመረች ልጅ ናት። ስማርት ስልክ በየወሩ እየከፈለች ለመውሰድ አመልክታ ኖሮ «የብድር ሁኔታዎ ስለማይፈቅድ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» ተብላ መመለሷ ነው። ስልኩን የፈለገችው ለትምህርት ዝግጅቷ ነበር። ደመወዟም ክፍያውን ይችላል። «ለምን እንደሆነ ጠየቅሽ?» አልኋት። «አፈርሁ ጋሼ፤ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ዝም ብዬ ወጣሁ» አለችኝ።

ይህ «ዝም ብዬ ወጣሁ» የሚለው ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ብድር ክፍል ውስጥ ነው። ከ30 ዓመት በላይ፣ ከደጀን እስከ ቡሬ ባሉ ከተሞች እየተዘዋወርሁ፣ ለገበሬውም ለነጋዴውም ለደመወዝተኛውም ብድር ፈቅጃለሁ፤ ከልክያለሁም። ከከለከልኋቸው ሁሉ የማይረሳኝ አንድ ጎልማሳ ነው። ለማዳበሪያና ለበሬ መግዣ ሊበደር መጣ። ያኔ መዝገባችን ወረቀት ነበር። ስሙን ከነአባቱ ስም ፈልጌ ስገልጥ ያልተከፈለ ዕዳ አገኘሁ። «ያለብህን ሳትከፍል ሌላ አይሰጥህም» አልሁት። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጋቢውን አጣፋና ወጣ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ከወራት በኋላ ሒሳብ ስናመሳክር ባለዕዳው የሌላ ቀበሌ ሰው ሆኖ ተገኘ። ስማቸው አንድ፣ የአባታቸውም ስም አንድ፣ የአያታቸው ስም ግን ለየቅል። እኔ ደግሞ የአያቱን ስም አላየሁም ነበር። መልእክት ስሰድለት ክረምቱ ገብቷል፤ ማሳው ጦም አድሯል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ግን ያ ሰው «የምን ዕዳ ነው? መቼ ተበደርሁ?» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ገጹን አዙሬ አሳየው ነበር፤ ስሕተቱም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይገለጥ ነበር። አፉን የያዘው እፍረት ነው። ያልሠራውን ጥፋት እፍረት ተሸክሞ ነው ቤቱ የገባው።

እፍረቱ ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። በእኛ አገር በዱቤ የሚሰጥህ ባለሱቅ አባትህን ያውቃል፣ ማሳህን ያውቃል፣ ሠርግህን በልቷል። ቢከለክልህ አውቆህ ነው የሚከለክልህ፤ ስለዚህም ክልከላው «እምነት የለህም» እንደ መባል ነው፤ አጥንት ድረስ ይሰማል። ኮምፒውተር ሲከለክልህ ግን ስለማያውቅህ ነው። እሱ ያለው አንድ ቁጥር፣ አንድ ስምና ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። ሁለቱ ክልከላዎች አንድ ዓይነት አይደሉምና አንድ ዓይነት እፍረት አይገባቸውም።

ድሮ ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይታሰር ነበር። የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ተያይዞ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። «ቁራኛ» የምንለው ቃል ከዚያ ጊዜ የቀረ ነው። ጭካኔ ነበር፤ መቅረቱም እሰየው። ነገር ግን ያ ባለዕዳ ከማን ጋር እንደታሰረና ስለ ምን እንደታሰረ ያውቅ ነበር። እናንተ ዛሬ የተቆራኛችሁት ከማታዩት መዝገብ ጋር ነው። እኔ የምለምናችሁ መዝገቡን እንድታዩት ነው።

መዝገቡ በእኛ አገር እንዴት እንደሚሞላ ታውቃላችሁ? ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ክረምት ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች አመጣ። መያዣ የለም፤ ዋስ ጥራ የሚል የለም። ዋሳችሁ የስልክ አጠቃቀማችሁና የገንዘብ እንቅስቃሴያችሁ ነው፤ ስንት እንደሚገባ፣ ስንት እንደሚወጣ፣ የተበደራችሁትን በቀኑ መመለሳችሁ። ባንክ ስትሄዱ ደግሞ ብድር ከመፈቀዱ በፊት የብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ይታያል። እዚያ አንድ ባንክ ያስመዘገበውን ሌላው ባንክ ያየዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ልማድ አለ። የአየር ሰዓት ወይም ትንሽ ብር ተበድሮ፣ ሲም ካርዱን ጥሎ ሌላ ማውጣት በወጣቱ ዘንድ እንደ ብልጠት ሲወራ እሰማለሁ። ሲም ካርዱ በመታወቂያችሁ የወጣ ነውና ዕዳው ከካርዱ ጋር አብሮ አይጣልም። ብሩ ትንሽ ስለሆነም አይረሳም፤ 50 ብርም 50 ሺሕ ብርም «አልተከፈለም» የሚል አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚጻፍባቸው።

የእናንተ ጥፋት ያልሆነም አለ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠር ብዙው ሰው ወደ ጥሬ ብር ተመለሰ። ሠርቷል፣ ሸጧል፣ ገዝቷል፤ መዝገቡ ላይ ግን የለም። ማሽን ያንን ዝምታ ሲያነብ መንገድ መዘጋቱን፣ ኔትወርክ መጥፋቱን ከየት ያውቃል? ይህን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

የእህቴ ልጅ ማንቸስተር ነው የሚኖረው፤ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። እሱም ከዚህች መምህርት ጋር አንድ ዓይነት ነገር ገጥሞት ደውሎልኝ ነበር። እንግሊዝ አገር ስልኩን ይሰጡህና ለሁለት ዓመት ያህል በየወሩ ትከፍላለህ፤ ነገሩ ብድር ስለሆነ ከመፈረምህ በፊት የብድር ታሪክህ ይመረመራል። ልጁ አንደኛው ሱቅ ከለከለው። ተናዶ በዚያው ቀን ሁለተኛው ጋ ሄደ፤ ከለከሉት። ሦስተኛው ጋ ሄደ፤ ከለከሉት። ያላወቀው ነገር፣ እያንዳንዱ ማመልከቻ ራሱ መዝገቡ ላይ አሻራ እንደሚተው ነው። ባጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ሲደረደር «ይህ ሰው ጭንቅ ላይ ነው» ያሰኛል።

«ዕዳ የለብኝም እኮ ጋሼ፣ ከማንም ሰባራ ሳንቲም አልተበደርሁም!» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ችግሩም ይኸው ነበር፤ ስለ እሱ የሚናገር ምንም ጽሑፍ አልነበረም። እዚያ ኤክስፒሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ትልልቅ መዝገብ ያዦች አሉ። አድራሻህን ከሚያረጋግጡበት መንገድ አንዱ የመራጮች መዝገብ ነው፤ በእኛ ፓስፖርት የሚኖር ሰው ደግሞ እዚያ አይመርጥም፣ አይመዘገብም። እንዲህ ላለው ሰው የመኖሪያ ማስረጃውን ለሦስቱም ልኮ «አድራሻዬ ይህ ነው» የሚል ማስታወሻ ማስያዝ ይቻላል። መዝገቡን ማየትም በነጻ ነው። ስሕተት ካለ እንዲታረም ይጠየቃል። ጽሑፉ እውነት ሆኖ ምክንያት ካለህ ደግሞ እስከ 200 ቃል የራስህን ማብራሪያ ታስገባለህ፤ ቀጥሎ የሚያይህ አበዳሪ ያነበዋል። ይህን ስሰማ ያ ጋቢውን አጣፍቶ የወጣው ሰው ነው ትዝ ያለኝ። ለእሱ 200 ቃል አያስፈልገውም ነበር፤ የአያቱ ስም ብቻ ይበቃው ነበር።

የእህቴ ልጅ ማመልከቱን አቆመ። ያገለገለ ስልክ በጥሬ ብር ገዛ፣ ቅድመ ክፍያ ሲም አስገባ፣ ማስረጃውን ላከ፣ አንድ ወርኃዊ ሒሳብ በስሙ አድርጎ በቀኑ መክፈል ያዘ። እዚያ ያልተከፈለ ሒሳብ ስድስት ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል፤ ስለዚህ «ታሪክህን በገንዘብ አጸዳልሃለሁ» የሚል ሰው ሲመጣበት እንዳይሰማው አስጠነቀቅሁት። እውነተኛ ጽሑፍን ከፍሎ ማስፋቅ አይቻልም፤ ስሕተቱን ለማስተካከል ደግሞ ክፍያ አያስፈልግም። እናንተንም በቴሌግራም እንዲህ የሚላችሁ ቢመጣ መልሳችሁ ይኸው ይሁን።

ስለ ዋስም ልናገር፤ ብዙ ቤት ሲፈርስ ያየሁበት ነው። ጎጃም ውስጥ «ዋስ ሁነኝ» ያለን ዘመድ እንቢ ማለት ከባድ ነው፤ እኔም ራሴ እንቢ ማለት የቻልሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 የሚለውን ግን ያዙ፦ ዋስ የሚሆነው ሰው የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቁጥሩ ተጽፎ እንደሆነ እዩ፤ የተጻፈውንም ከኪሳችሁ ብትከፍሉት ትችሉት እንደሆነ አስቡ። የማትችሉት ከሆነ ለዘመዳችሁ ያንኑ በግልጽ ንገሩት። ዛሬ ተቀይሞ ነገ የሚታረቅ ዘመድ ብዙ አይቻለሁ፤ በዋስትና ዕዳ ተካሰው የታረቁ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሲከለክሏችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ብትሉኝ፣ ነገሩ አጭር ነው። የትኛውን መዝገብ እንዳዩ፣ በየትኛው ስምና ቁጥር እንዳዩ፣ ምን ተጽፎ እንዳገኙ ጠይቁ። ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ፤ አንገታችሁንም አታቀርቅሩ። የመስኮቱ ሠራተኛ «ሲስተሙ ነው» ቢላችሁ ኃላፊውን ለማነጋገር ጠይቁ፣ ጥያቄያችሁንም በጽሑፍ አስገቡ፤ ቀኑን ጻፉበት። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ስለ ራሳችሁ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት እዚያ ተጽፏል። ስለዚህ ስትጠይቁ ልመና እንዳይመስላችሁ። እኔ ወንበሩ ላይ በነበርሁበት ዘመን የሚጠይቀኝ ሰው ሥራ ያበዛብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ከስሕተት ይጠብቁኝ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ወደ መምህርቷ ልመለስ። ቡናው ካለቀ በኋላ ቁጭ ብለን ስናወራ አንድ ነገር ትዝ አላት። ተማሪ ሳለች የዶርም ጓደኛዋ መታወቂያ ስለጠፋባት በእሷ መታወቂያ ሲም ካርድ አውጥታላት ነበር። ጓደኛዋ ከተመረቁ ወዲህ የት እንዳለች አታውቅም፤ ቁጥሩም በማን እጅ እንደሆነ አታውቅም። የተከለከለችው በዚያ ይሁን በሌላ፣ ሳይጠየቅ አይታወቅም።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አብረን እንሄዳለን። መታወቂያዋንና የደመወዝ ማስረጃዋን ይዛለች፤ ጥያቄዎቹን በደብተሯ ጽፋቸዋለች። መስኮቱ ጋ የምትቀርበው እሷ ናት። እኔ በሩ አጠገብ እጠብቃታለሁ።